ቢጫዎቹ ዓሦች የት ገቡ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6። ጠዋት፣ ከሥራ በፊት

የዓሦቼን ታንክ ውሃ ቀየርኩ፣ ሲሶውን ብቻ። ሙቀቱ ደህና። ፊልተሩ ደህና። ከዚያ ቆጠርኩ። ቢጫዎቹ ስድስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ስድስት። ቅዳሜ ስምንት ነበሩ።

ሬሳ የለም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ፊልተሩን ፈታሁ። ሶፋው ሥር በስልኬ መብራት አየሁ፤ ዘለው ወጥተው ከሆነ ደርቀው መገኘት ነበረባቸው። ምንም።

ደብተሬ፣ ይሄን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ሰናይት ብትሰማ፣ ባሌ በዓሣ አበደ ብላ ለእህቷ ትደውላለች።

አመራረጤ ላይ ስህተት የለም። እነዚህ ሲክሊድ የሚባሉት ዓሦች ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው። ጠበኞች ናቸው፤ ማን ከማን እንደሚስማማ ሳያጠኑ አንድ ላይ አይከቷቸውም። እኔ ሦስት ወር አጥንቻለሁ። ቢጫዎቹ ገና ግልገል ናቸው፣ ከሁሉም ገር። ፒኮክ የሚባሉት ሁለቱ ሰማያዊዎች ጨዋዎች። ሳላስብበት የገዛሁት አንዱን ብቻ ነው፣ ቡናማ ዥጉርጉሩን፤ መዳፌን ያህላል። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም፣ መልኩ ወስዶኝ። እሱ ደግሞ ታሟል። ከዓርብ ጀምሮ አሸዋው ላይ በጎኑ ተኝቷል። አንጀቴን ይበላኛል።

ታዲያ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው? ጋሽ ተሰማ። የሰናይት አባት። ከአገር ቤት ከመጡ ሁለት ወራቸው። ወንበራቸውን ታንኩ ፊት ስበው ይውላሉ።

ምንም አላልኩም። እንዲያው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ 7። ማታ፣ ከእራት በፊት

ስድስት። አልጎደለም።

ኤደንን ጠየቅኳት። ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል በእንግሊዝኛ አልነካሁም አለች። አመንኳት መሰለኝ። የዓሣ ሱቁ ሰውዬ ጋ ደወልኩ፤ ውሃውን ቴስት አድርግ አለኝ። አደረግኩ። ንጹህ ነው። ለምን ቶሎ ስልኩን ሊዘጋ ፈለገ? የታመመ ዓሣ ሸጦልኝ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አለ። የታንኩ ክዳን ጠዋት እንደተውኩት አይደለም። በስተቀኝ ትንሽ ከፈት ብሏል። መረቡም እርጥብ ነው። እኔ ከእሑድ ወዲህ መረብ አልነካሁም።

ሐሙስ፣ 9። ማታ

አምስት።

ዛሬ ጥሩ ሰው አልነበርኩም። ልጻፈው።

እራት ላይ ነገሩን አነሳሁ፣ ማንንም ሳልጠራ። ዓሦቼ እየጠፉ ነው አልኩ። ጋሽ ተሰማ ወዲያው፣ ያን የተኛውን አልወደድኩትም አሉ። ታሞ ነው አልኳቸው። የታመመ ዓሣ ዓይኑ እንደዚያ አይደለም አሉ። ክንፉም ይረግባል፣ የዚህ ግን ተወጥሯል አሉ።

አርባ ምንጭ፣ የዓሣ ማኅበር ውስጥ ነው የሠሩት፣ ጡረታ እስኪወጡ። ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ሲመዝኑ፣ የአምባዛ ቆዳ ሲያስገፍፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ይሄ ሊያሳምነኝ ሲገባ ጭራሽ ጥርጣሬዬን ጨመረው። ዕድሜ ልኩን ዓሣ ያረደ ሰው ለዓሣ ምን ያዝናል?

ከአፌ ወጣ። "እርስዎ አገር ዓሣ ለመብላት እንጂ ለማየት አይያዝም፣ አይደል ጋሼ?"

ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት። እጃቸውን ታጥበው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሰናይት ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። ቀልዴን ነው አልኳት። አልነበረም፤ እሷም አውቃዋለች።

ዓርብ፣ 10። ጠዋት

ጋሽ ተሰማ ትናንት ዴንቨር ላለችው ሌላዋ ልጃቸው ደውለዋል። አንቺ ጋ ልምጣ ብለዋታል። ሰናይት ይህን የነገረችኝ መኪና ውስጥ ነው፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ሳደርሳት። አባቴን ምን አድርገኸው ነው አለች። ምንም አልኩ። ሾርላይን፣ ይሄ ሰፈራችን፣ ለሽማግሌ ይሰለቻል አልኩ። በሩን ዘግታ ወረደች።

ለምን ቸኮሉ? ንጹህ ሰው እንዲህ ቶሎ ይሄዳል? ወይስ ንጹህ ሰው ነው እንዲህ ቶሎ የሚሄደው? አላውቅም።

ቆጠርኩ። አምስት።

እሑድ፣ 12። ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆጠርኩ። አራት።

አሮጌው ስልክ ቻርጅ ላይ ነው። ነገ ጠዋት መደርደሪያው ላይ መጻሕፍቱ መሐል አቆመዋለሁ፣ ወደ ታንኩ አዙሬ። ቪዲዮ ይቀዳል። የሚስቴን አባት። በገዛ ቤቴ። ሳነበው ያስጠላኛል። ግን አደርገዋለሁ።

ሰኞ፣ 13። ቀን፣ ሬኒየር ቫሊ

የዴሊቨሪ መኪናዬን አንድ ግሮሰሪ ጀርባ ፓርክ አድርጌያለሁ። ምሳዬን አልበላሁም። ቪዲዮው ከቤት ወደ ስልኬ ገብቷል፤ አየሁት።

ጋሽ ተሰማ ይመጣሉ። ወንበር ይስባሉ። ይቀመጣሉ። ዥጉርጉሩ አሸዋው ላይ በጎኑ ተዘርግቷል፣ ገላው የበሰበሰ ሬሳ መስሎ። አንድ ቢጫ ሊቀምሰው ይጠጋል። ጋሽ ተሰማ መስታወቱን በጣታቸው ያንኳኳሉ። ቢጫው ይሸሻል። ሌላው ይጠጋል። ክዳኑን ገፋ አድርገው መረቡን ያስገቡና ያባርሩታል። ይሄ ነው፣ ደብተሬ። እርጥቡ መረብ ይሄ ነው። እንዲህ ሲጠብቁ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጣሉ። ዥጉርጉሩ ግን አይነቃነቅም።

ከዚያ ተነስተው ወደ ኩሽና ይሄዳሉ። ውሃ ሲከፈት ይሰማል። አንዷ ቢጫ ትጠጋለች፣ አፍንጫውን ትነካዋለች። የታመመው ይገለበጣል። በቃ፣ ቢጫ የለችም። እሱ ተመልሶ በጎኑ ይተኛል።

አምስት ጊዜ መላልሼ አየሁት። ዓሣው ታሞ አያውቅም። ሞቶ መስሎ መተኛቱ አደኑ ነው።

ጋሽ ተሰማ ሲመለሱ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ለዓሦቹ ይናገራሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤

"ሦስት ቀራችሁ። አንድ በጎደላችሁ ቁጥር እኮ ዓለሙ የሚያየው እኔን ነው።"

ዓለሙ እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ 13። ማታ

ዥጉርጉሩን በባልዲ አድርጌ፣ ቤት ሳልቀመጥ ወደ ሱቁ መለስኩት። ሰውዬው ከምን ጋር አኖርከው አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይሄ ትንንሽ ዓሣ እየበላ የሚያድግ ነው፣ ከትልልቆች ጋር ካልሆነ አይሆንም አለ፤ ሐይቁ ላይ እንቅልፋሙ ነው የሚሉት አለ። ስትገዛው ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር አለ። እውነቱን ነው። ያኔ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ የዴንቨሩ ትኬት ተቆርጧል። ለሐሙስ።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው። ቢጫዎቹን የበላው ዓሣው እንደነበር ብቻ ብነግራቸው በቂ ነው፤ ይቅርታ እላለሁ፣ ያልፋል። ካሜራውን ማንም አያውቅም። ቪዲዮውን ለማጥፋት አንድ ንክኪ ይበቃል። ጣቴን ሁለት ጊዜ አስጠጋሁ።

ማክሰኞ፣ 14። ጠዋት

አላጠፋሁትም። አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻ አዩት። ድገመው አሉ። ደገምኩት። ቀና ሳይሉ ይሄን ከየት አነሳኸው አሉ። መጻሕፍቱን አሳየኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ተው። ሰው በሰው ላይ ይጠረጥራል። ብትጠይቀኝ ግን ይሻል ነበር፣ ነግሬህም ነበር።"

ትኬቱን እንሰርዘው አልኩ። እዚያ ያሉትን የልጅ ልጆቼን ልይበት አሉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን አለማለታቸው አልገባኝም። ከዚያ ስለ ዓሦቹ ጠየቁኝ፤ በዥጉርጉሩ ፋንታ ምን ታስገባለህ አሉ። ምንም አልኩ። ሦስቱ ቢጫና ሁለቱ ሰማያዊ ይስማማሉ አሉ፣ ተዋቸው።

ለሰናይት ሁሉንም ነገርኳት፣ ካሜራውንም። እስካሁን አላናገረችኝም።

ሐሙስ፣ 16። ጠዋት

ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ኤርፖርት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ሰናይት ልምጣ አላለችም፤ ሁለታችሁ ሂዱ አለች። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሻንጣው ተጭኗል። ኤደን በሩ ላይ አቅፋቸዋለች፣ አልለቅ ብላለች።

ወስኛለሁ። ለገና ይመለሱ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፣ በልጃቸው በኩል ሳይሆን በራሴ አፍ። እምቢ ካሉ ለፋሲካ እጠይቃለሁ። ይኸው መጡ፣ በሩን ልክፈትላቸው።