ከቁስቋም በላይ ያለው ቦይ

ማክሰኞ
አገኘችው። ትዕግስት! እኔ ዘጠኝ ዓመት ተራራውን እየዞርኩ ስፈልገው የኖርኩትን ቦይ፣ እሷ ትምህርት ቤታችን ለማስተማር በገባች በሁለት ወሯ። ጥንት እዚህ እንጦጦ ላይ የነገሥታት ምሽግ ነበረ ይባላል፤ የድንጋይ ግንብ፣ ዙሪያውን ውሃ የሞላው ጥልቅ ቦይ። ግንቡ ለየሰዉ ቤት መሠረት ተለቅሞ አልቋል። ቦዩ የት እንደነበር ግን የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ በመምህራን ክፍል ፎቶውን አሳየችን። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ይድረቅ!

ረቡዕ
ፎቶውን በስልኬ አጉልቼ አየሁት። ሳቄ መጣ። ይኼማ የአባዬ ቦይ ነው! በደርግ ጊዜ፣ ስንዴ በሚከፈልበት የእርከን ሥራ፣ ከጓደኛው ከጋሼ ሸዋንግዛው ጋር የቆፈረው። ነፍሱን ይማረውና፣ ልጅ ሆኜ ወስዶ አሳይቶኛል። ስንቴ ዳሩ ላይ ተቀምጬ ዳቦ በልቻለሁ።
ልንገራት? አልነግራትም። ቅዳሜ የቅርስ ባለሙያዎች ሊያዩት ይመጣሉ። እነሱ ፊት ትዋረድ።

ሐሙስ
ሻይ ጋበዘችኝ። "ቅዳሜ አጠገቤ ቁሚልኝ፣ እፈራለሁ" አለች። እሺ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?
ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ "የታሪክ ባለሙያችን" ሲላት ሰማሁ። እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እንደገና ጨከንኩ።

ዓርብ
ምስክር እንዲሆኑኝ ብርቱካን ይዤ ሸጎሌ፣ ጋሼ ሸዋንግዛው ቤት ሄድኩ። "ጋሼ፣ እርስዎና አባዬ የቆፈራችሁት ቦይ ትዝ ይልዎታል?"
ሳቁ። "የቱን ቆፈርነው ልጄ? አገኘነው እንጂ!"
ስንዴ የሚሰጣቸው በሜትር እየተለካ ነበር። ደለል የሞላው የድሮ ቦይ አገኙ። ጠርገው፣ እኛ ቆፈርነው ብለው አስለኩ።
"ጎኑ ጥርብ ድንጋይ ነበር። እንዳይነቃብን አፈር አለበስነው። አባትሽ 'ዝም በል፣ ልጆቹ ይብሉ' አለኝ።"
ከበሉት ልጆች አንዷ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ስፈልገው የኖርኩትን የደበቀብኝ አባዬ ነው።

ቅዳሜ
ጠዋት። ጋሼ ካልሲያቸውን እየፈለጉ ነው፤ በራቸው ላይ ቆሜ እጽፋለሁ። ለትዕግስት ደውዬ ቦዩ የጥንት ለመሆኑ ምስክር እያመጣሁልሽ ነው አልኳት። በደስታ ጮኸች። አሁንም እቀናለሁ፣ ምን ላድርግ።
ጋሼ ከውስጥ ጠየቁኝ፦ "የአባትሽን ስም ልጥራው ወይስ ልተወው? ዋሽቷል እኮ።"
"ይጥሩት" አልኩ። ከኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ ይጠራ።