ግማሽ ሰዓት የሚዘጋው በር

ባምባሲ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለስርጉት፣ ጉባ፤

እንደምን ሰነበትሽ፣ የግድብ አለቃ? እናንተ በሺህ ተሰብስባችሁ ዓባይን ገደብን ብላችሁ አትኩራሩብኝ። እኔ ብቻዬን ሆዴ ውስጥ ሁለት ሊትር ውሃ እገድባለሁ፣ በቀን አራት ጊዜ እለቃለሁ፤ ሪባን የቆረጠልኝ ግን የለም።

እንደምታውቂው ኩላሊቶቼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸውን የሚሠራው ይኸው ውሃ ነው። እምብርቴ አጠገብ ባለችው ቱቦ የቆየው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። የሚወጣው እስካልደፈረሰ ድረስ ደህና ነኝ፤ ዛሬም ጥርት ብሏል። ያስቸገረኝ በሩ ነው። ያሠለጠነችኝ ነርስ፣ «አባባ፣ ቱቦውን ሲከፍቱ በርና መስኮት ግማሽ ሰዓት ይዘጋ፤ አቧራ ከገባ ሆድዎ ያመረቅዛል» ብላኛለች። በእኛ ሰፈር ደግሞ በጠራራ ፀሐይ በሩን የሚዘጋ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ወይ ሌባ፣ ወይ ብቻውን የሚበላ።

ከወሎ መጥተን ከሰፈርንበት ጊዜ ጀምሮ ጎረቤቴ የሆነው ዳበሳ አንድ ቀን ገበጣውን ይዞ መጣ። አንኳኳ። እኔ የአፍና የአፍንጫ ጭምብሌን አድርጌ፣ ቱቦዬን ከፍቼ፣ ዝም አልኩ።

«አሳምነው! ቦርጭህ ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ። ብላ፣ ብቻህን ብላ!» ብሎ ሄደ።

ሳቄ መጣ፤ አብሮኝ የሚስቅ ግን አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተመለሰም። ወሬው ተዛምቶ ሌላውም ቀረ። ታምሜያለሁ ማለት አፈርኩ፤ ደግሞስ የቀልደኛን በሽታ ማን ያምናል? ከባዶ ወንበር ጋር ገበጣ ተጫወትኩ። አሸነፈኝ።

ባለፈው እሑድ ግን መታገሥ አልቻልኩም። ዳበሳ ቤት ሄጄ ሸሚዜን ገልጬ ቱቦዋን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ፣ «ይሄን ለመደበቅ ነው ያስቀየምከኝ? አንተ ደረቅ! ዝጋው በርህን። እኔ ውጭ ተቀምጬ እሰድብሃለሁ» አለኝ።

እውነትም በየቀኑ መጥቶ ከበሩ ወዲያ ይሰድበኛል፣ እኔም በጭምብሌ ውስጥ እመልስለታለሁ። ዛሬ ግን ለልቅሶ ቶንጎ ሄዷል። ሁለት ጊዜ ዘግቼ ሁለት ጊዜ ከፈትኩ፤ የሰደበኝ የለም። የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው እንጂ ናፍቀሽኝ እንዳይመስልሽ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይብራ፤ የሄድሽበት ደጅ አይዘጋብሽ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ፈቃድም አይሰጡሽም፤ ነይ አላልኩሽም። ብቻ ድንገት ከመጣሽና በሩ ተዘግቶ ካገኘሽው፣ አያቴ የለም ብለሽ እንዳትመለሺ። ደጁ ላይ ተቀመጪና ስደቢኝ። ግማሽ ሰዓት ነው።

አያትሽ አሳምነው፣
ባለ ሁለት ሊትሩ