የካፒቴኗ ግራ ዓይን

መጋቢት 6፣ ማታ

ደብተሬ፣ ዛሬ ክስ አለኝ። ተከሳሿ የሰባት ዓመት ሰው ናት፤ የእህቴ የዘይነብ ልጅ ሀያት። ወንጀሏ ጭንቅላቷ ነው።

የህንድ ፊልም ካሴት ተከራየሁ። ቪዲዮውን ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጠምኩ። ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩ። ያየሁት ሹሩባ ብቻ! አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ነው የምታየው። ጀግናው ሲዘፍን ሹሩባ። ጀግናው ሲደበደብ ሹሩባ። ማን ማንን እንዳገባ እስካሁን አላውቅም።

ካፒቴን፣ ወደ ኋላ በይ አልኳት። (ካፒቴን የምላት ጣሪያ ላይ ወጥተን ወደቡ ላይ የቆሙትን መርከቦች ባንዲራ ስለምትለይልኝ ነው።) ጣት ታህል ወደ ኋላ አለች። ደገምኩላት። ከዚያ አይታየኝም አለች።

ሳቅኩ። አሁን ስጽፈው ግን አላሳቀኝም። አይታየኝም ማለት?

መጋቢት 7፣ ከሰዓት በኋላ

ጣሪያ ላይ ነበርን። የመጀመሪያው መርከብ ባንዲራ አረንጓዴ ነው፤ ቀይ አለች። ሁለተኛውን ዘለለችው። ሦስተኛውን «አንተ ቀድመህ በል» አለችኝ። ስንት ጊዜ እንዲህ ብላኛለች! መዋሸት የሚፈቀድበት ጨዋታ ስለሆነ ስትስት የምታሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር። በሬን ስታንኳኳም እንዲሁ ነን። «ማነው? ጉምሩክ ከሆነ የለሁም» እላለሁ። አንድ ቀን ዓሣ ሻጭ ነኝ ትላለች፣ አንድ ቀን የወደቡ ሹም። ከእኛ ጨዋታ ውስጥ እውነቱን ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው።

ለዘይነብ ነገርኳት። ልብስ ማጠቧን አላቆመችም። የልጄ ዓይን ደህና ነው፣ ኩል እኳላታለሁ አለች። አልተከራከርኩም። ምን እንደሚያስፈራት አውቃለሁ። አባታችን መጽሐፉን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ነበር የሚያነበው። አንድ ጠዋት ተነሥቶ መጋረጃ ወረደብኝ አለ። ከዚያ ወዲያ የበትሩን ጫፍ ይዛ ትመራው የነበረችው ዘይነብ ናት። ያኔ ልክ ሀያትን ታክል ነበር።

መጋቢት 9

ተገላገልኩ፣ ደብተሬ! መላ መታሁ። ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዓይን መፈተኛ አስታወስኩና ከፍሪጅ ካርቶን ላይ ራሴ ሠራሁት። ከላይ ትልቅ «ሀ»። ከሥሩ አነስ ያሉ «ለ» እና «ሐ»። እያለ እያለ እታች ያሉት ፊደሎች ጉንዳን አክለዋል። ጥቁር ቀለም፣ ቀጭን ብሩሽ። ሬዲዮ የምጠግንላቸው ሹፌሮች በከንቱ ኢንጂነር አይሉኝም።

ከግቢው በር ላይ አቆምኳት። ሳትደናቀፍ እስከ ጉንዳኖቹ ወረደችው። እኔ ራሴ ጉንዳኖቹን ከዚያ ርቀት አላያቸውም!

ለስላሳ ገዛሁላት። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ዘይነብ እንዳላለቀሰች ሆና አለቀሰች።

መጋቢት 10፣ 11 ሰዓት ገደማ

ደብተሬ፣ የትናንቱን ሰርዘው። ጽሑፌን ይቅር በለኝ።

ነፋሱ ካርቶኑን ገልብጦት ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። የማራገቢያ ሞተር ፈትቼ ስለነበር አላቃናሁትም። ሀያት መጣች። ሌላ ለስላሳ አምሯታል። «አጎቴ፣ ልድገመው?» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ...

ምንም ያልተጻፈበትን ካርቶን ታነብልኛለች።

አይ እኔ ደንቆሮ! ፊደልን በተራው ደርድሬ የሰባት ዓመት ልጅ እፈትናለሁ? ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት የምትለውን! አላታለለችኝም እኮ። አንብቢ ተባለች፣ የምታውቀውን አለች።

ሌላ ካርቶን ላይ አዘበራርቄ ጻፍኩ። ገ፣ ተ፣ ወ፣ በ። ግራ ዓይኗን በመዳፌ ከደንኩ፤ የላይኞቹን ፊደሎች አነበበች፣ ከዚያ በታች የለም። ቀኙን ከደንኩ። ጭንቅላቷን አዘንብላ በጣቶቼ መሃል ለማየት ሞከረች። ከዚያ፦

«አጎቴ፣ ካርቶኑን አነሳኸው?»

ፊት ለፊቷ ነው ያለው። አዎ፣ አነሳሁት አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

መጋቢት 13

ዘይነብን ያሳመንኳት በአፌ አይደለም። የልጅቷን ቀኝ ዓይን ራሷ በእጇ እንድትከድን አደረግኩ። ሻሿን አሰረች፣ ተከተለችኝ።

ሐ/ቤት ያለችው የዓይን ነርስ ደግ ናት። የልጆች ዓይን ሐኪም በሚመጣው ሳምንት ከአስመራ በአውሮፕላን ትመጣለች አለችን። ከምርመራው በፊት ሦስት ቀን የሚደረግ ጠብታ ሰጠችን። ምን እንደሚያደርግም አስረዳችን። እኔ ግን ስለ አባቴ መጋረጃ እያሰብኩ ስለነበር ግማሹ አልገባኝም።

መጋቢት 17፣ ጠዋት

ጥፋት! ጥቁሩ ዓይኗን ሙሉ በሙሉ ውጦታል። የዓይኗ ቀለም ጠፍቷል። ብርሃን ይወጋኛል ትላለች። መጽሐፍ ሰጠኋት፤ አፍንጫዋ ላይ አድርጋም ፊደሉ ተንሳፈፈብኝ አለች። ዘይነብ ጮኸች። ልጄን አሳወርካት አለችኝ። ጠብታውን ያደረግሁላት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ነው ያንጠባጠብኩት። በሽርጥ እንደሆንኩ እስከ ሐ/ቤት ሮጥኩ። ጫማ መርሳቴን ያወቅሁት አስፋልቱ ሲያቃጥለኝ ነው።

ነርሷ ነግሬህ ነበር እኮ አለች። የጠብታው ሥራ ይኸው ነው፤ ብሌኑን ይከፍታል፣ ቅርቡን ያደበዝዛል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። የዓይኑ ጡንቻ ካልላላ ልኬቱ ያታልላል። ከዚያ እግሬን አይታ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ።

መጋቢት 19

ዶ/ሯ ወጣት ናት። ረጅም ሰዓት አየቻት። ደብተሬ፣ ሳልረሳው ልጻፈው።

ሁለቱም ዓይኖች ቅርብ እንጂ ሩቅ አያዩም። ቀኙ ጥቂት ነው፣ ግራው ግን በጣም። ግራው ከልጅነቱ ጥርት ያለ ምስል ልኮ ስለማያውቅ አእምሮዋ ትቶታል፤ በቀኙ ብቻ ይሠራል። ዓይኑ አልሞተም። አልተማረም እንጂ። መጀመሪያ መነጽር። ቀጥሎ ደህናውን ዓይን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት መሸፈን፣ ደካማው ተገዶ እንዲሠራ። ጊዜው አሁን ነው አለች። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ካለፋት አእምሮዋ አዲስ ነገር መቀበል እንቢ እያለ ይሄዳል።

ሀያት በቅርቡ ስምንት ይሞላታል።

ዘይነብ ጎረቤት ያላትን ጠየቀች፤ መነጽር ዓይን ያሰንፋል ይባላል። ዶ/ሯ የለም አለች፤ የሚያሰንፈው ሥራ መፍታት ነው። ኩልም ሆነ ሌላ ነገር ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ።

እኔ ደግሞ፦ ሩቅ አለማየቱ እየባሰ እንዳይሄድ ምን እናድርግ? በእርግጠኝነት የሚያቆመው መድኃኒት አለ ብዬ አልዋሽህም አለችኝ። ስታድግ ሊጨምር ይችላል። መጽሐፉን ከአንድ ክንድ ርቀት በታች አታቅርበው፣ በደህና ብርሃን ታንብብ፣ ውጭ ትጫወት፣ በየስድስት ወሩ ትለካ። ስለ አባታችን ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። በእንዲህ ያለ ዓይን ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን አንዳንዴ ይላቀቃል። ብልጭታ አየሁ ወይም መጋረጃ ወረደብኝ ካለች በዚያው ቀን አምጧት አለች።

ዘይነብ እጄን ያዘችኝ። ከልጅነታችን ወዲህ እጄን ይዛኝ አታውቅም።

ሚያዝያ 14

የሀያት አባት ሰዒድ ከአዲስ አበባ ገባ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መነጽሩን በልኬቱ አሠርቶ አመጣ። መንገዱን ሙሉ ደረቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ነው የመጣው፤ አቧራ እንዳይነካው። በሽርጡ ጫፍ ወልውሎ አደረገላት።

ጣሪያ ላይ ወጣን። መርከቦቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ፦ «አጎቴ፣ መርከቡ ላይ ሰው አለ።»

ሰዒድ ፊቱን ከከተማው ዳር ወዳለው ጨው ማምረቻ አዞረ። የእኔ ዓይን ውስጥ ደግሞ ነፋሱ አሸዋ ጨመረ።

ሚያዝያ 19

ከመነጽሩ ጋር ታረቀች። ከመሸፈኛው ጋር ግን ጦርነት ነው። ፕላስተሩን ስንለጥፍ እንደ ፍየል ትራገጣለች። ሲሸፈንባት ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። አላይም፣ አላይም ትላለች። ዘይነብ ያን ስታይ አባታችን ነው የሚታያት። ታነሳላታለች። ከዚያ እኔ እቆጣለሁ።

ሚያዝያ 21

የራሴን ቀኝ ዓይን ሸፍኜ ወደብ ለጥገና ሥራ ሄድኩ። የባሕር ወንበዴ መሰልኩ። ካፒቴን ለብቻዋ አትሸፈንም ብዬ ነው። የወደቡ ሠራተኞች ጉድ አደረጉኝ። ኢንጂነር፣ ሚስት ብታገባ ኖሮ ማን እንደመታህ እናውቅ ነበር አሉ። ካቻቢቴውን አነሳሁ ብዬ አየሩን ጨበጥኩ። ሻዬን ፎርማኑ ጫማ ላይ ቀዳሁ።

ለሀያት አወራኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። መሸፈኛውን ሳወጣ ሳቋን አቆመች።

ሚያዝያ 26

ምክንያቱን ዛሬ አገኘሁት። ፕላስተሩ አይደለም።

ዶ/ሯ ስታስረዳን «ሰነፍ ዓይን» ብላ ነበር፤ ስሙ እንደዚያ ነው። እኛም ቤት ውስጥ እንዲያው ሰነፉ፣ ሰነፉ እያልን ሰነበትን። ሀያት ደግሞ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ት/ቤት ተሸፍና ሄደች። ልጆቹ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። መዋሸት አልቻለችም፤ ዓይኔ ሰነፍ ስለሆነ ነው አለች። በቃ። ክፍሉ ሁሉ ሰነፏ፣ ሰነፏ! መሸፈኛውን ነቅላ ጣለችው። የጎረቤት ፍየል በላው።

«እኔ ሰነፍ አይደለሁም» አለችኝ። «አንደኛ ነኝ።»

አንድ ቃል፣ ደብተሬ። በአንዲት ቃል ዓይን ሊጠፋ ነው።

ሚያዝያ 27

ዛሬ በር የማንኳኳት ተራ የእኔ ነው ብዬ ሄድኩ። እንዲህ አልኳት፦ ክፍልሽ ውስጥ መምህሩ በጠየቀ ቁጥር «እኔ! እኔ ቲቸር!» እያለ የሚዘል ልጅ የለም? አለ አለች፤ ስሙንም ነገረችኝ። አጠገቡ ያለው ልጅ መልሶ ያውቃል? አያውቅም፤ ዕድል የት አግኝቶ! ይኸውልሽ፣ ቀኝ ዓይንሽ ያ የሚዘለው ነው። ግራው ሰነፍ አይደለም፤ ዕድል አላገኘም። መሸፈኛው ቀኙን ዝም በል፣ ይህኛው ይመልስ የሚል መምህር ነው።

ጣቷን መነጽሯ ላይ አድርጋ አሰበች። ተነሥታ ወጣች።

ደህና ተናግሬያለሁ ብዬ ነበር። መሸፈኛውን ግን አላደረገችም። ማታም ብሰጣት እንቢ አለች።

ግንቦት 8፣ 6 ሰዓት ተኩል

ሙቀቱ አንጎል ያፈላል። አስፋልቱ ላይ ውሻ እንኳ የለም፤ ከወደብ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ብቻ። የጥገና ሱቄን ዘግቼ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዘይነብ መጣች። የሀያት ስምንተኛ ልደት ቀረበ አለችኝ። ተቀምጣ የበትር ጫፍ የያዘች ይመስል መዳፏን ስትጨብጥ ስትፈታ አየኋት።

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ቀልድ አለቀብኝ፤ የቀረኝ ጉልበት ነው። ስለዚህ ወሰንኩ። ከነገ ጀምሮ በግድ። ዘይነብ ጭንቅላቷን ትይዛለች፣ እኔ እለጥፋለሁ። ትጩህ። ትንከሰኝ። ካፒቴን መሆን ይቅርብኝ ትበል፣ ጣሪያ አትውጣ፣ በሬን አታንኳኳ። ብትጠላኝም በሁለት ዓይኗ እያየች ትጥላኝ።

ቆይ። ቆርቆሮው ተንኳኳ። በሩ አይደለም፣ አጠገቡ ያለው ግድግዳ። በዚህ ፀሐይ ማን ይመጣል? አሁንም ግድግዳው። በር የሚስት ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰካራም ይሆን?

አሁን በሩን አገኘው። ዝቅ ብሎ ነው የሚያንኳኳው፣ ከመቀርቀሪያው በታች።

ማነው አልኩ። ጉምሩክ ከሆነ የለሁም።

«ሰነፉ ነው» አለኝ የካፒቴኗ ድምፅ። «ያለ ቀኙ፣ ብቻውን መጣ።»