የአለምነሽ ምስክር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ዛሬ አለምነሽ ከፍርድ ቤት ስትመለስ እኔ ቤት ጎራ አለች። «ዳኛው የት የት እንደሚያምሽ ንገሪን አሉኝ» አለች፣ ፊቷ በርቶ። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ከመራዊ ስንመጣ ሚኒባሱ ሲገለበጥ ጎን ለጎን ነበርን። ሁለታችንም ጉልበታችንን ተመታን። ሹፌሩ የነፍስ አባቴን አስቀድሞ ሽማግሌ ሲልክ፣ እሷ «በሕግ ይታይልኝ» ብላ እንቢ አለች። እኔ ግን መስቀሉን ተሳልሜ፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ትቸዋለሁ አልሁና የእርቁን ወረቀት ፈረምሁ። ሰፈሩ ሁሉ እኔን መረቀ፣ እሷን ጨካኝ አላት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለራሴ አልዋሽም።

አሁን እሷ ጠበቃ አላት፣ የሐኪም ማስረጃ አላት፣ የሚሰማት ዳኛ አላት። ለእኔ የቀረኝ ምርቃቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ደረጃ አያስወጣኝም።

ልትሄድ ስትል «እቴ፣ ሐሙስ ምስክር ሁኚኝ፤ ሕመሜን እንዳንቺ የሚያውቅ የለም» አለችኝ። እሺ አልኋት። ከዚያ ሮጣ ባጃጅ ስትይዝ በመስኮት አየኋት።

ሐሙስ እሄዳለሁ። ቁጭ ብድግ ስትል እንዴት እንደሚጠዘጥዛት፣ ደረጃ ላይ እንዴት እንደሚከዳት አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ። የማውቀው ጉልበት ግን የራሴን ብቻ ነው።