ስለ ተጣጣፊው የሸራ ወንበር የተሰጠ የመጨረሻ ቃል

እኔ በሙያዬ ፊልም አዘጋጅ የሆንሁ፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ያልደከመ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ የካቲት ስምንት ቀን ትራስ ተደግፌ በምስክሮች ፊት ቃሌን እሰጣለሁ። ጸሐፊው እንደተናገርሁ ይጻፍ፤ አያሳምርልኝ።

ቤቱ ለሚስቴ ይሁን። ከእርሷ በኋላ ልጆቼ እኩል ይካፈሉ። በዚህ የተከራከረኝ የለም። መኪናዪቱን የሚፈልጋት ካለ ገፍቶ ይውሰዳት።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ልጆቼ ከታመምሁ ጀምሮ እሳትና ጭድ የሆኑት በቤት አይደለም፤ በዚያ ቀረጻ ቦታ ለአዘጋጁ በሚዘረጋው ተጣጣፊ የሸራ ወንበር ነው! ፋርማሲስቱ ልጄ «የአባባ መታሰቢያ ነው» ብሎ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ወንበር ይሰቀላል? ፊልም ሠሪዋ እኅቱ «በሙያው የተተካሁት እኔ ነኝ» ብላ ቤቱ ድረስ ሄዳ አወረደችው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። እኔም አፍንጫዬ ላይ ቱቦ ተሰክቶ የሁለት ጎልማሶች ዳኛ ሆንሁ።

ሁለታችሁም እዚህ ቆማችኋልና ስሙኝማ! እኔ በዚያ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም። ቆሜ፣ እየተንቆራጠጥሁ፣ እየጮኽሁ ነው የሠራሁት። የተቀመጠችበት እናታችሁ ናት። በመጀመሪያው ፊልማችን ወፍራሙ ተዋናይ ዘጭ ቢልበት ሸራው ተተረተረ፤ ከጭነት መኪና ሸራ ቆርጣ የሰፋችው እርሷ ናት። ከካሜራው አጠገብ ተቀምጣ፣ ተዋናዩ ኮፍያውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ ማን ቃሉን እንደሳተ ስትከታተል ኖረች። እኔ «ግሩም ነው፣ እንለፍ!» ስል እርሷ ራሷን ትወዘውዛለች። ቀረጻው ይደገማል። ጋዜጣው እኔን ያመሰግናል።

ስለዚህ ወንበሩን ለሚስቴ ተናዝዣለሁ።

እርሷም ከግርጌዬ ሆና፣ «እኔ ምን ላድርገው? ወገቤን የጨረሰው እሱ አይደል! ወዲያልኝ» አለች።

«ሴትዮ፣ ኑዛዜ እኮ ነው!»

«ይሁና። ሸራው አልቋል። ልጄ፣ አንተ ጠንካራ ሸራ ግዛ። አንቺ እኔ አጠገብ ሆነሽ ትሰፊዋለሽ፤ እሱ እንጨቱን ይያዝልሽ። ከዚያ ይዘሽው ሥራሽ ሂጂ። አሁን ተሳሳሙ።»

ተሳሳሙ። ልጄ አለቀሰ፤ እኅቱም «በል አፍንጫህን ጥረግ» አለችው፤ የእርሷም ድምፅ ደህና አልነበረም።

ጸሐፊው «ጋሼ፣ የቱን ልጻፍ?» ቢለኝ፣ «እርሷ ያለችውን ጻፍ» አልሁት። ፊልሞቻችንም የተሠሩት እንዲሁ ነው።

ይህ ቃል ተነቦልኝ፣ የኔ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ የካሜራ ባለሙያው የሥራ ባልደረባዬ (ፊርማ)፣ ጎረቤቴ መምህርት (ፊርማ)፣ የምታስታምመኝ ነርስ (ፊርማ)