ተራራውን ውኃ ላጠጡልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳችን የተፋሰስ ሥራ ኃላፊ፣

ሰማዩ በተቀደደበት በዚህ ነሐሴ ከጎንደር ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የቢሮዎ ጣሪያ እንዴት ከርሟል? ጠብታ እንደማያስገባ ሰምቼ ደስታዬ ወሰን አጥቷል።

ሰሞኑን ከዛሪማ በላይ፣ ከተራራው ቁልቁለት ሥር የሚኖሩትን አክስቴን ወይዘሮ አየለችን ልጠይቅ ሄጄ የመንደሩን ምስጋና ተሸክሜ ተመልሻለሁ።

አንደኛ፣ የመንደሩ ሰው ክረምት በገባ ቁጥር በማሳው ላይ ፈሰስ የሚባለውን ቦይ እያወጣ የዝናቡን ውኃ ወደ ሸለቆው ይሸኝ ነበር። እርስዎ ይህን ኋላ ቀር ልማድ አስደፍነው፣ በምትኩ ቁልቁለቱን ሙሉ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ በዘመቻ አስቆፈሩልን። አንዲት ጠብታ አትባክንም ብለው ነበር፤ እውነትም አልባከነችም፣ ሁሏም ተራራው ሆድ ውስጥ ገብታለች።

ሁለተኛ፣ ያ ተራራ ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ላዩ በስብሶ ጭቃ ሆኗል፣ ሥሩ ግን ውኃ የማያሳልፍ አለት ነው። መውጫ ያጣ ውኃ አፈሩን አክብዶ፣ ከአለቱ አላቆ ቁልቁል እንደሚሰደው የመንደሩ ሽማግሌ አያ እንኳየሁ በዶማ ቆፍረው ለባለሙያዎ አሳይተዋል። እሱም «ለመሆኑ አያ፣ ስልጠና ወስደዋል?» ቢላቸው «የለም ልጄ፣ እኔ እዚሁ ነው የምኖር» አሉት አሉ።

ሦስተኛ፣ ከጉድጓዶቹ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። ሐምሌ ላይ እጅ ያስገባ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት በግ ገብቶበት በገመድ ወጣ። የአክስቴ በር አልዘጋ ብሏል፣ ከምድጃቸው አጠገብም ምንጭ ፈልቋል። ውኃ ቤታችሁ ድረስ ይገባል ያሉትን ቃል ስለጠበቁ እግዜር ይስጥልን።

ዘጠኝ ቤተሰቦች ፈሰሱን እንክፈት ብለው ቢያመለክቱ፣ እርስዎ ክረምቱ ሲያልፍ ኮሚቴ ያየዋል ብለው በማኅተም መልሰዋል። ያኔ ኮሚቴው ማንን አግኝቶ እንደሚያነጋግር ብቻ ግራ ገብቶኛል።

እንቅልፍዎ እንደ ጣሪያዎ ሳይነካ እንዲከርም እየተመኘሁ፣ ከዚያ ተራራ በተሻለ ከማይንሸራተት አክብሮት ጋር፣

አዜብ አድማሴ

ይቺን ረስቼ፦ «ሞዴል ተፋሰስ» የሚለው ታፔላዎ ማንም ሳይነካው ሃያ እርምጃ ወርዶ በአክስቴ ሽንኩርት መደብ ላይ ቆሟል። ከቢሮዎ ተነስቶ አክስቴ ጓሮ የደረሰ የመጀመሪያው ነገር ስለሆነ በክብር ተቀብለውታል። ዘጠኙ ቤተሰቦች ቅዳሜ ዶማቸውን ይዘው ፈሰሱን ሊከፍቱ ተስማምተዋል። ሊከለክሉ ከመጡ ታፔላው በመጣበት በኩል ይምጡ፤ መራመድ አያስፈልግም፣ መሬቱ ራሱ ያደርስዎታል።