ፓምፓችንን ሰላምታ ላስተማሩልን ክቡር ኃላፊ

ለኤሌክትሮኒክስ ማስፋፊያ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲበረታ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ በጾሙም በፍስኩም ማዕድዎ እንዳይጎድል ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። እኔ በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ቁልቁል በእግር በሚወረድባት በሾላ ሜዳ ቀበሌ የአማርኛ መምህርት የሆንኩ፣ «ከኮሚቴው አንዷ ሴት ትሁን» በተባለ ዕለት ከስብሰባው ቀርቼ ስለነበር በሌለሁበት የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተደርጌ የተመረጥኩ ብርቱካን ደምሌ ነኝ። ባለፈው ዓመት መጋቢት በኤግዚቢሽንዎ ላይ በአካል ተገናኝተናል። ያን ዕለት «ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» ብለው ስላዘዙኝ በጽሑፍ አቀረብኩ፤ መልሱ ሲዘገይ ደግሜ አቀረብኩ፤ ምናልባት የእጅ ጽሕፈቴ አልነበብ ብሎዎት እንደሆነ በማለት ደግሞ፣ አገር ሁሉ እንዲያነብልዎ ይኸው በአደባባይ ጻፍኩት።

እርስዎ የሚያውቁትን ነገር አንባቢ አያውቀውምና ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ። ሾላ ሜዳ ውሃ የምታገኘው በፀሐይ ኃይል ከሚሠራ ፓምፕ ነበር። ፓምፑ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚቆም የምታዘው በብረት ሳጥን ውስጥ ያለች፣ ከባቄላ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ቺፕ ናት። በየካቲት ያልተጠበቀ ዝናብ ነጎድጓድ ይዞ መጣና መብረቅ በሳጥኑ አጠገብ ወደቀ፤ በማግስቱ ቦኖው ደረቀ። የወረዳው የውሃ ባለሙያ ክንዱ ሳጥኑን ከፍቶ መረመረና «ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የተቃጠለችው ቺፗ ናት። አዲስ ቺፕ አለኝ፤ ግን ባዶ ናት፣ ምንም አታውቅም። ከምታውቅ ቺፕ ላይ ፕሮግራሙ ሊገለበጥላት ይገባል» አለን።

የምታውቀዋ ቺፕ ያለችው በጎረቤታችን በግራር አምባ፣ ከእኛው ፓምፕ ጋር በአንድ ሰሞን በተተከለው ፓምፕ ውስጥ ነበር። የሚገለብጥ መሣሪያ ግን በወረዳውም በዞኑም አልተገኘም። ክንዱ በራዲዮ እንደሰማው፣ ቺፕ ከመደርደሪያ አንሥቶ፣ ፕሮግራም ጽፎ፣ የሰው እጅ ሳይነካው መልሶ የሚደረድር ማሽን በእርስዎ ኤግዚቢሽን ሊታይ ነበር። ስለዚህ ወደ ግራር አምባው የውሃ ሰብሳቢ ወደ አቶ ጥጋቡ ሄጄ ለመንኩት። «እኅቴ፣ ቺፕ የሚሉትን አላውቅም፤ ጥም ግን አውቃለሁ። ውሰጃት» አለኝ። «ብቻ ሚስቴ ዓለሚቱ ወሯ ገብቷል፤ ቶሎ መልሺልን።» የግራር አምባ ሴቶች ያላቸውን እንስራና ጀሪካን ሁሉ ሞሉ፤ ክንዱም ቺፗን በወረንጦ ነቅሎ፣ ከባዶዋ ጋር በጥጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ውለታ ስለሆነ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። በር ላይ ያቆሟቸው ወጣቶች የጫማዬን አቧራና ነጠላዬን አይተው ወደ ባህል ዕቃዎች ድንኳን ሊመሩኝ ቢሞክሩም፣ የመጣሁት ቺፕ ላስገለብጥ መሆኑን ስነግራቸው በትዕግሥት ሳቁ እንጂ አልከለከሉኝም። ማሽኑ በመስተዋት ቤት ውስጥ፣ በቀይ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ነበር። ቀጭን የብረት እጁ ወርዶ አንዲቷን ቺፕ በትንፋሹ ሳብ አድርጎ ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ ይጽፍባታል፣ አረንጓዴ ነጥብ አድርጎባት ወደ ጎን ያኖራታል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ማሽኑን የሚያሠራው ወጣት ኤፍሬም የያዝኳቸውን ቺፖች አገላብጦ አየና ዓይነታቸው እዚያ ከተደረደሩት ጋር አንድ መሆኑን ነገረኝ። «መገልበጡ ከባድ አይደለም መምህር፤ እንግዶቹ ይለፉና ቀስ ብለን እንሠራዋለን» አለኝ። ወንበርም ሰጠኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ኤፍሬም ካሰበው ቀድመው፣ እንግዶችዎን አስከትለው ደረሱ፤ ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙም ፊትዎ በራ። «ይኸው! ቴክኖሎጂ ገጠር ደረሰ ማለት ይህ ነው። አሁኑኑ ይሠራላቸው፣ እንግዶቻችንም ይዩት» አሉ። ኤፍሬም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክቡር ኃላፊ፣ ማሽኑ ዛሬ የተዘጋጀው ለመጻፍ እንጂ ለማንበብ አይደለም፤ ትንሽ ማስተካከል ያስፈልገኛል» ቢልዎ፣ «ማሽን ነው እኮ፣ ያውቀዋል» ብለው መለሱለት። ሁለቱም ቺፖች ተደረደሩ። የማሽኑ እጅ ወረደ፣ አነሣ፣ ጻፈ፣ አረንጓዴ ነጥብ አደረገ። ከዚያም የግራር አምባዋ ቺፕ ለማሳያ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ስትገባ፣ በቀይ መብራት «እንኳን ወደ ኤግዚቢሽናችን በደህና መጣችሁ» የሚል ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሮጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ውሃው የመጣ መስሎኝ ነበር።

ጭብጨባው ሲበርድ ኤፍሬምን «የውሃው ፕሮግራምስ የት ገባ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጠፍቷል መምህር፣ በላዩ ላይ ተጻፈበት» አለኝ፤ ቺፗን ከሰሌዳው ነቅሎ በድንጋጤ ያገላብጣት ነበር። እርስዎ ግን አልደነገጡም። «ችግሩ የግንዛቤ ማነስ ነው፤ ኮፒ ሳይያዝ እንዴት ወደ ማሽን ይመጣል? ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» አሉኝ። የመጣሁት ኮፒ ላስይዝ ነው ብዬ ለመመለስ አፌን ስከፍት ወደ ምሳ አልፈው ነበር።

ሦስተኛ፣ ጥፋተኛውን ፈጥነው ስለማግኘትዎ አመሰግናለሁ። ኤፍሬም በዚሁ ጉዳይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠው ሰምቻለሁ። አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ሰው ማስጠንቀቂያ መቀበሉ ተገቢ ነው፤ ብድር በምድር ነውና።

በአውቶቡስ እስከ አርብ ገበያ፣ ከዚያም በእግሬ እስከ ግራር አምባ ስሄድ ምን እያሰብኩ እንደነበር አላስታውስም። አቶ ጥጋቡ ከተከፈተው ሳጥን አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ አልተሳደበም። ቺፗን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጣትና «አሁን ሳጥኑ ውስጥ ብንከታት ምን ታደርጋለች?» አለኝ። «ሰላምታ ታቀርባለች» አልኩት። ሁለታችንም አልሳቅንም።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋናም አልሆን አለኝ። ሁለት ቀበሌ ወደ አንድ ምንጭ ወረደ። ምንጩ ያለው ከገደሉ ሥር ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ጠብም ነበረበት። ለዓለሚቱ ጎረቤቶቿ ይቀዱላት ነበር፤ ኋላ እነርሱም ለየራሳቸው ሲያንሳቸው አፍራ ራሷ ወረደች። ጀሪካኑን አዝላ ስትወጣ እርጥቡ ድንጋይ አንሸራተታት። ልጁን እዚያው መንገድ ላይ ተገላገለችው፤ አላለቀሰም። ለማጽናናት ሄጄ ከመደቡ ጥግ ስቀመጥ ቀና ብላ አየችኝና «ወንድ ነበር» አለችኝ። እኔም ማልቀስ ይገባኝ ነበር። ጥርስ ሲነቀል ድዱ በመርፌ እንደሚደነዝዘው ሁሉ ነገሩ እየተደረገ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚሰማኝ ግን አልነበረም። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለክስ አይደለም፤ በሁለቱ ማመልከቻዎቼ ላይ ስላልጠቀስኩት እንዳይጎድልብዎ ነው።

ክንዱ የማያውቀው ሰው ጋ ሁሉ እየደወለ፣ ፓምፑን ያስመጣውን ነጋዴ አዲስ አበባ ድረስ ፈልጎ አገኘው፤ በግንቦትም ፕሮግራም የተጻፈባት አንዲት ቺፕ ተላከች። ሌላ የለም ተባለ። ሾላ ሜዳ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስቦ «በመጀመሪያ የተቃጠለው የእኛ ነው፤ ለእኛ ትግባ» አለ። እኔ ግን የሚሠራ ፓምፕ የነበረው ግራር አምባ ነው፣ ለእነርሱ ትሰጥ አልኩ። የሰደቡኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ልጆቻቸው ጠምቷቸዋል። ደብሩን የሚያገለግሉት ቄስ ገብረ ሚካኤል ተነሥተው «የተዋሱትን መመለስ ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው» ሲሉ ነገሩ በዚያው አለቀ። ቺፗን በእጄ ወስጄ ለአቶ ጥጋቡ ሰጠሁት፤ የግራር አምባ ቦኖም ፈሰሰ።

ክረምቱ አልፎ የዝናብ ውሃ ያቆርንባቸው ጉድጓዶች ሲደርቁ አቶ ጥጋቡ ቤቴ መጣ። ቀድሞ የተደረገውን ሁሉ እያወቀ፣ ሚስቱ ገና እያነከሰች፣ «ባሕር ዳር ውሰጃትና አስገልብጫት፤ ለእናንተም ይሁን» አለኝ። አልወስድም አልኩት። «እኔን አላመንሽኝም?» አለኝ። እርሱን እንደማምነው ነገርኩት። ማንን እንደማላምን ለመናገር ጨዋነት ስለከለከለኝ በዚያው ዝም አልኩ፤ ለእርስዎም ዝም ማለቱን መርጫለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ አንዳች ነገር የለም። ማሽንዎ በሄደበት ሁሉ ጭብጨባ እንዳይለየው፣ ምንጣፉ እንዳይደበዝዝ፣ ከእርስዎም ፊት «ትንሽ ማስተካከል ያስፈልገኛል» የሚል ሰው እንዳይቆም በመመኘት፣ በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል የአንዲት ገጠር መምህርት ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ያነበቡ እንደሆነ ላባከንኩብዎ ጊዜ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ብርቱካን ደምሌ
የሾላ ሜዳ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ (ውሃው ባይኖርም)
ኅዳር ፳፻፯ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ መልስ ለመስጠት የፈቀዱ እንደሆነ እባክዎ በመልእክተኛ አይላኩልን። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አይቀመጥም፤ ውሃውን ተሸክመው ገደሉን የሚወጡት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው።